ሰማዩ ሲጠቁር የሚቆረጠው ኢንተርኔት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ቤቴ ሆኜ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። የመርካቶ ባለሱቆች፣ ሁለት ቡና ነጋዴዎችና አንድ ጋራዥ ደንበኞቼ ናቸው። ደረሰኛቸውን በፌስታል ያመጡልኛል፣ እኔ መዝግቤ የታክስ ማሳወቂያቸውን በኢንተርኔት አስገባለሁ። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ሲቆረጥብኝ የሰው ዕዳ ነው እላዬ ላይ የሚያድረው።

ባለፈው ክረምት ሦስት ወር ሙሉ አሳሬን አየሁ። ጭራሽ ቢጠፋ እኮ ይሻል ነበር፣ ሰው ቁርጡን ያውቃል። ይሄኛው ግን ሃያ ደቂቃ ይሠራል፣ ፎርሙን ሞልቼ ጨርሼ ልልክ ስል ይጠፋል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ልሙላ ስል ደግሞ ይጠፋል። የደንበኞች አገልግሎት ስደውል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ "ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት።" አጥፍቼ አበራለሁ። ይመጣል። ማታ ይሄዳል።

ቴክኒሻን ሁለት ጊዜ መጣልኝ። ሁለቱንም ጊዜ ፀሐይ ነበር። መስመሩን ለካና "ማዘር፣ መስመሩ ንጹህ ነው፣ ሞደሙ ነው ያረጀው" አለኝ። አመንኩት፣ ባለሙያ ነውና። ለቤት ወጪ ካስቀመጥኩት ላይ አንስቼ አዲስ ሞደም ገዛሁ። በገዛሁበት ቀን ማታ ዝናቡ ወረደ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ተቆረጠ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አለቀስኩ።

የረዳኝ ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። እሁድ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነገሩን ስነግረው "አክስቴ፣ መጀመሪያ ችግሩን ለሁለት እንክፈለው፣ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጪ?" አለኝ። ይሄን የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ላፕቶፑን ከዋይፋይ አላቅቆ በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኘው። ከዚያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ያንን ጥቁር መስኮት ሁለት ቦታ ከፈተ። በአንዱ የሞደሙን አድራሻ 192.168.1.1ን ፒንግ ያደርጋል፣ ማለትም "አለህ?" እያለ መልስ ይጠብቃል፣ በሌላው ውጪ ያለውን የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን። የሞደም አድራሻ ከቤት ቤት ሊለያይ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ሲቆረጥ ሞደሙ ራሱ መልስ መስጠት ካቆመ ችግሩ ከገመዱ፣ ከመብራቱ ወይም ከሞደሙ ነው። ሞደሙ እየመለሰ የውጪው ብቻ ካቆመ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሞደሙ ወዲያ ነው ማለት ነው። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ወደ መስመሩ መሄድ አያስፈልግም፣ ዋይፋዩን ማየት ነው።

ከቤት ውስጥም ጥፋት አልጠፋም፣ አልደብቅም። ሞደሙን ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አስቀምጬ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ዳንቴል አልብሼው ነበር። ይግላል፣ ምልክቱም ይታፈናል። አውጥተን ቡፌው ላይ አስቀመጥነው። ዋይፋዩ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ያለበት ቻናል፣ ማለትም የሞገድ ክፍል ላይ ነበር። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ ከእነሱ ነፃ ወደሆነው ቀየረው። መኝታ ቤት ያለው ስልክ ደግሞ ያለ ፊልተር፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት ከሚለየው ትንሽ ዕቃ ውጪ ነበር የተሰካው። ድሮ ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚርገበገበው ለካ በዚያ ነው! ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ መኝታ ቤት ድረስ ጥሩ ደረሰ። ሲዘንብ ግን መቆረጡ አልቀረም። በገመድ የተገናኘው ላፕቶፕም ሞደሙን ያገኛል፣ ውጪውን አያገኝም። ሞደሙ ላይ ዲኤስኤል የሚለው፣ በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ኢንተርኔት የሚያሳየው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው መብራት እንደጠፋና ሰማዩ እንዴት እንደነበር። በሁለት ሳምንት ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ጅማ እንደምታውቁት ክረምት ከገባ ዝናብ አያጣትም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ ሲጠቁር አይቼ "አሁን ይሄዳል" እላለሁ፣ ይሄዳል። ፀሐይ ወጥቶ ውሎ ሲደርቅ ይመለሳል። አንድ ቀን እየዘነበ የቤቱን ስልክ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ትኩስ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጫጫል። በፀሐይ ሳነሳው ጸጥ ያለ ነው። ኢንተርኔቱም ስልኩም በዚያው የመዳብ ሽቦ ነው የሚመጡት፣ ስልኩ ከተንጫጫ ኢንተርኔቱ በምን ተአምር ይጸናል?

የእህቴ ልጅ ሞደሙ ውስጥ ገብቶ የሚታይ አንድ ቁጥርም አሳየኝ፣ ኤስኤንአር ማርጂን ይሉታል። የኢንተርኔቱ ምልክት የመስመሩን ጫጫታ አልፎ እንዲጸና ከሚያስፈልገው በላይ ስንት ዲሲቤል እንደተረፈው የሚናገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በላይ ሲሆን መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ከ6 ሲወርድ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። የእኔ በፀሐይ 12፣ በዝናብ 4 ነበር። እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

ሦስተኛ ጊዜ የመጣው ቴክኒሻን ወጣት ልጅ ነው። ቡና አቀረብኩለትና ደብተሩን ሰጠሁት። ገጽ በገጽ አነበበው። ከዚያ ሞደሙን ሳይነካ "ማዘር፣ መሰላል አለ?" አለኝ። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ ሽቦው ከምሰሶው መጥቶ ወደ ቤት ከሚገባበት ቦታ ላይ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ነበር። ናስትሮው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሲፈታው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በዝናብ ውሃው ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛቸዋል፣ ምልክቱ ይፈሳል፣ ጫጫታ ይገባል። ሲደርቅ ደግሞ ምንም ያልነበረ ይመስላል፣ ለዚህ ነው በፀሐይ የመጣው ሰው ምንም ያላገኘው። ልጁ የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፣ ውስጡ ጄል ባለው ትንሽ ማያያዣ አጋጠመው፣ ገመዱንም ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች አጎንብሶ አሰረው፣ ውሃው እዚያ ጋ እንዲንጠባጠብ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። በማግስቱ እየዘነበ ሳየው ቁጥሩ 11 ነበር። ያን ልጅ እግዜር ይስጠው።

አሁን ለአገልግሎት ሰጪው የምለው አለኝ። ደንበኛ "ሲዘንብ ይቆረጣል" ካለ ያንን ቃል መዝግቡልን። እኔ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የማስረዳው፣ ከዚህ በፊት የተናገርኩትን የሚያውቅ የለም። የቅሬታ ቁጥር ስጡን፣ የሚመጣው ቴክኒሻንም ያለፈውን አንብቦ ይምጣ። "ሞደም ግዙ" ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ውጪ ያለውን መጋጠሚያ ፈትታችሁ እዩ፣ በተለይ በእኛ በዝናብ አገር። ሞደም ለአንዳንድ ቤት የወር አስቤዛ ነው። የእኔ አሮጌው ሞደም ምንም እንከን የለበትም፣ ይኸው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ለአንባቢም፦ ፋይበር የገባላችሁ ከሆነ የእናንተ ምልክት ሌላ ነው። ሎስ የምትለዋ መብራት ቀይ ስትሆን ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፣ ቀጭኑ ገመድ በር ሥር ተጣጥፎ ወይም በሚስማር ተጨፍልቆ እንዳይሆን እዩ። በዓይናችሁ ግን ጫፉን አትመልከቱ። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ የመብራቱን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የስልክ ሽቦውንም ከሞደሙ ንቀሉ። እንደኔ ያላችሁ ደግሞ መሰላል ላይ ራሳችሁ እንዳትወጡ፣ ደብተር ያዙና ባለሙያውን አሳዩት።

ከእኔው ምሰሶ መስመር የሚወስዱ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ። አንዷ ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ማታ ማታ ቪዲዮ እያየ ነው የሚያጠናው። ትናንት ሲዘንብ አጥሩ ጋ መጥታ "ያንቺ አለ?" አለችኝ። የእኔ ነበረ፣ የእሷ ሄዷል። የስልኳን ጫጫታ ሰምቻለሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አብረን መጻፍ ጀምረናል። እባካችሁ መጥታችሁ የእነሱንም መጋጠሚያ ፍቱላቸው።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከጅማ