እማዬ፣ ስራዬ ምን እንደሆነ ልንገርሽ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ? ስኳርሽን እየተለካሽ ነው አይደል? ይሄን በቴሌግራም የላክሁት ሚሚ ቁጭ ብላ እንድታነብልሽ ነው፣ በስልክ ሲሆን ኔትወርኩ ይቆራረጣል አንቺም "በላህ? ብርዱስ?" ብለሽ ወሬውን ትዘጊብኛለሽ። ባለፈው ሰፈር የሚባለውን ስትነግሪኝ ቅር እንዳለሽ ገብቶኛል፣ "ዲግሪ ይዞ ሄዶ የፈረንጅ ሽማግሌ ያጥባል" አሉሽ። አዎ አጥባለሁ እማዬ፣ ግን እንዴት እንደምንማረው ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ ስሚው።

እዚህ ሊድስ የምሰራው አረጋውያን በሚኖሩበት ኬር ሆም ነው፣ ገና ትሬኒ ነኝ፣ ሰልጣኝ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ለዚህ ስራ ኬር ሰርተፍኬት የሚባል የስልጠና ማረጋገጫ አለ፣ በነሱ አቆጣጠር በ2015 የተጀመረ። መነሻው ከባድ ነው፣ ስታፎርድ በሚባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አቅመ ደካሞች ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው፣ በቆሸሸ አንሶላ ላይ ተኝተው እንደቆዩ በምርመራ ወጣ፣ የምርመራው ሪፖርት በ2013 ሲታተም አገሩ ሁሉ ደነገጠ፣ ከዛ ነው "ይሄን ስራ የሚሰራ ሰው በወጉ ይሰልጥን" የተባለው። ሲጀመር 15 ስታንዳርድ፣ ማለት መሟላት ያለበት መስፈርት፣ ነበረው አሁን 16 ሆኗል። መጽሐፍ አንብበሽ ብቻ አያልፍሽም፣ መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር ሻዶው ታደርጊያለሽ፣ እየተከተልሽ ስራውን ታያለሽ ማለት ነው፣ ከዛ አሰሰሩ፣ ፈታኙ ማለት ነው፣ አጠገብሽ ቆሞ በእውነተኛ ሰው ላይ ስትሰሪ ያይሻል።

የሚያየው ምን መሰለሽ? መጀመሪያ በር ማንኳኳትሽን። ሰውየው አይሰማም፣ ብዙ ነገር ዘንግቷል፣ ቢሆንም ታንኳኪያለሽ፣ ስምሽን ትናገሪያለሽ፣ "አሁን ፊትዎን ልጠብልዎት?" ብለሽ መልስ ትጠብቂያለሽ። አይሆንም ካለ አይሆንም ነው፣ ቆይተሽ ትመለሺያለሽ። ስታጥቢ ደግሞ የምታጥቢውን ቦታ ብቻ ገልጠሽ ሌላውን በፎጣ ትሸፍኛለሽ፣ በርና መጋረጃ ይዘጋል። ወንድ እንዲያጥባቸው የማይፈልጉ እናቶች አሉ፣ እሱ ኬር ፕላናቸው ላይ፣ እንዴት እንደሚረዱ በሚጻፍበት ወረቀት ላይ፣ ይጻፋል እኔም አልገባም፣ ሴት ትገባለች። ይሄ ትክክል ነው፣ ላንቺም የምመኘው ይሄንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ልነግርሽ የፈለግሁት ሌላ ነው። አንዲት ሴትዮ አሉ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ እኔ በአንድ ደቂቃ ልጨርስላቸው እችላለሁ እኮ፣ እጄም ዝም ብሎ ይሄዳል ምክንያቱም እኛ ቤት ላደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። የምታሰለጥነኝ ልጅ "የሚችሉትን አትንጠቃቸው" አለችኝ። ምክንያት አለው፣ በዚህ እድሜ ያልሰራ ጡንቻ ቶሎ ይከሳል፣ እግሩ ሲደክም ሰው ይወድቃል፣ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ደግሞ ብዙው እንደድሮው አይሆንም። እኛ ግን ምንድነው የምናደርገው? "እማዬ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ፣ እንዳትነሺ።" በፍቅር ነው የምንለው፣ አውቃለሁ፣ አክብሮት ነው። እኔ አሁን ሳስበው በአክብሮት ሰውን አልጋ ላይ ማስቀረትም አለ።

ህጋቸውም እንደዛ ነው፣ በ2005 የወጣ አንድ ህግ አለ፣ ሰው የመወሰን አቅም እንደሌለው እስካልተረጋገጠ ድረስ ለራሱ መወሰን ይችላል ብለሽ ነው የምትነሺው፣ ውሳኔው ለኛ ሞኝነት ቢመስለን እንኳን በዛ ብቻ አእምሮው አይሰራም ማለት አንችልም። ሽማግሌን እንደ ህጻን አናዘውም ማለት ነው።

ደግሞ አያቴን አስታወስሽ? አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ሌሊት እየተነሳሽ ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጫት፣ ተረከዟን እንዳይነካ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከእግሯ ስር ስታደርጊ፣ ማንም አላስተማረሽም። ይሄው እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እሱን ነው የተማርሁት፣ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ባለበት ቦታ ነው፣ መቀመጫ፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ ደም ሳይደርሰው ሲቀር። ነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ በጣት ስትጫኚው ካልነጣ አደጋ ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ በእጅ ነው የሚታወቀው፣ ቦታው ከሌላው ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ካለ፣ ከደደረ፣ ከጠቆረ፣ ሰውየው ካመመው። ይሄን በደንብ ይዤዋለሁ ምክንያቱም አበሻም ሶማሌም ጃማይካም ያረጃል።

ሰው ማንሳትንም ተምሬያለሁ፣ መቆም የማይችል ሰው በጉልበት አይነሳም፣ ሆይስት በሚባል ማሽን ነው፣ እኛ ኬር ሆም ሁለት ሆነን ነው የምንሰራው፣ የሚታሰርበትን ጨርቅ ልክ ሳታዪ አትነኪውም።

ሚሚ ይሄን ደግሞ ለጋሼ ብለሽ አንብቢው። ከስትሮኩ በኋላ ሸሚዝ ስታለብሱት መጀመሪያ የደከመውን እጅ አስገቡ፣ ስታወልቁ ደግሞ ደህናውን መጀመሪያ። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ተኝቶ አይጎረስ፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። ጉርሻ ፍቅር ነው ግን ለሱ ትንሽ ትንሽ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይጨመር። ውሃ ጠጥቶ ካሳለው ወይ ድምፁ እርጥብ እርጥብ ካለ ምግቡ ወደ ሳንባው እየሄደ ሊሆን ይችላል፣ ዝም አትበሉ ሃኪም ይየው። እዚህ መዋጥ ለሚከብደው ሰው ምግብና መጠጡ ከ0 እስከ 7 በደረጃ ተለይቶ ነው የሚሰጠው፣ የመጠጡን ውፍረት ስፔሻሊስት ነው የሚወስነው፣ ስለዚህ በራሳችሁ አትገምቱ።

አንቺ ደግሞ እማዬ ቡናሽን ራስሽ አፍዪ። ከሰሉን ሚሚ ታቀጣጥል፣ ጀበናው ከባድ ከሆነ ትንሿን ተጠቀሚ፣ ግን አንቺ ነሽ የምታፈይው። የሽሮ እህልም ስትለቅሚ ቢመሽብሽ ይምሽ። በረንዳው ደረጃ ላይ የእጅ መያዣ ብረት የሚሰራ ሰው ጥሩ፣ ብሩን እልካለሁ፣ ያቺን የምታንሸራትት ነጠላ ጫማ ተዪያት፣ ከኋላ የምትይዝ ትገዛልሽ። ማታ ማታ ሚሚ እግርሽን ትይልሽ፣ ጣቶችሽ መሃል ሁሉ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል ላይሰማው ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኛ ላንቺ ብለን የምናደርገው ግን አንቺ የማትወጂው ነገር አለ? አንድም ቀን ጠይቀንሽ አናውቅም እኮ። ለሚሚ ፊት ለፊት ማለት ከከበደሽ ስልኩን ስጪኝ በያትና ብቻሽን ሆነሽ በድምፅ ላኪልኝ፣ እሁድ እረፍት ነኝ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ልጅሽ