ቅድሚያው ይሰጥ፣ ግን ለማን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ለተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ግንባታ መንግሥት የቅድሚያ ደረጃ ይስጥ፣ ማለትም ፈቃዳቸው ከወረፋ ቀድሞ ይታይ፣ ክፍያም ይቀነስላቸው የሚለውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። ደረጃውን ለማግኘት በሚገባው ማመልከቻ ላይ ምን ይጠየቃል የሚለውን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

አልሚው የሚያስገባውን ፋይል ገልጣችሁ እዩት። የይዞታ ማረጋገጫው፣ የአፈር ምርመራው፣ የስትራክቸር ፕላኑ፣ የባንክ ደብዳቤው፣ ሁሉም ማኅተም አርፎበት ተደርድሯል። ቤቱ ውስጥ የሚገባው ማነው? ገቢው ስንት ነው? ዋጋው ለስንት ዓመት ሳይነካ ይቆያል? ይሄ ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ «ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው» በምትል አንድ መስመር ታልፏል። በዚህች መስመር ወረፋ መዝለል ከተቻለ፣ ቅንጡ አፓርታማ የሚሠራውም ነገ ስሙን ቀይሮ ከች ይላል። ምን ይከለክለዋል?

ሌሎች ቢያንስ ልኬት አስቀምጠዋል። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መለኪያ የቤት ወጪ ከቤተሰቡ ገቢ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ህንድ በ2017 እ.ኤ.አ. በጀቷ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች የመሠረተ ልማት ደረጃ ሰጥታ ረዘም ያለና ረከስ ያለ ብድር የሚያገኙበትን መንገድ ስትከፍት፣ የቤቱን ስፋት በካሬ ሜትር ገድባ ነው። የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ካረን ባስም በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መመሪያ ሲፈርሙ፣ ሙሉ በሙሉ ለተመጣጣኝ ዋጋ የተያዙ ፕሮጀክቶች ማመልከቻ በ60 ቀን እንዲያልቅ ነው ያዘዙት። ቀን ተቆርጧል በሉኝ። «በአፋጣኝ ይስተናገድ» የሚል ደብዳቤማ (ስንቱን አይተናል!) ጠረጴዛ ላይ ከርሞም አፋጣኝ ነው።

ሌላው ጣጣ ደረጃውን የሰጠው ቢሮ ብቻ መሮጡ ነው። ፈቃዱ ቶሎ ወጣ እንበል። ሕንፃው አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ትራንስፎርመርና የውኃ መስመር እየጠበቀ ወራት ከቆመ ምን ተረፈ? የባንኩ ወለድ እንደሆነ አይቆምም፣ መጨረሻ ላይ ገዢው ወይ ተከራዩ ላይ ነው የሚራገፈው። ስለዚህ መብራትም ውኃም መንገድም በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ቀነ ገደብ ይታሰሩ።

ደረጃ ያገኙት ፕሮጀክቶች ዝርዝርም ቃል ከገቡት ዋጋ ጋር ለሕዝብ ይለጠፍ። ዋጋውን ያልጠበቀ አልሚ ደረጃውን ይነጠቅ፣ የተቀነሰለትን ክፍያም ከነወለዱ ይመልስ።

የዘወትር አንባቢያችሁ