23ኛው በር ይዘጋ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የዕቃ ማከማቻ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ሰርቨራችን ያለው መሀል ከተማ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ አንድ አገልግሎት በቆመ ቁጥር ታክሲ እየቀያየርኩ ልሂድ ብል ግማሽ ቀኑ በመንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር መግባት በከተማው ዳር ለምንሠራ ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራችን ነው። የምጽፍላችሁም ይህ አሠራር ይቅር ለማለት ሳይሆን፣ በደረስኩባቸው ተቋማት ሁሉ እስካሁን ክፍት ሆኖ የማገኘው ቴልኔት የተባለ አሮጌ መግቢያ እንዲዘጋ ለማሳሰብ ነው።

አደጋው የት ላይ እንዳለ ለማየት ሰርቨሩ እንግዳውን እንዴት እንደሚቀበል ማወቅ ያስፈልጋል። በሰርቨሩ ውስጥ ስክሪን ላይ ሳይታይ ቀን ከሌት የሚሠራ የቴልኔት ፕሮግራም አለ፤ እንደ ግቢ ዘበኛ ፖርት 23 በሚባለው በር ላይ ተቀምጦ የሚያንኳኳ ይጠብቃል። ከሌላ ኮምፒውተር ጥሪ ሲመጣ ከሲስተሙ ሁለት ጫፍ ያለው ማስመሰያ ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ የተገጠመ የሚያስመስል የሶፍትዌር መስመር) ይጠይቅና አንዱን ጫፍ ራሱ ይዞ፣ ሌላውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለሚጠይቀው የሎግኢን ፕሮግራም ያስረክባል። ይህ ፕሮግራምም ሆነ ከእርሱ በኋላ ትእዛዝ የሚቀበለው ሼል፣ ኪቦርድ የያዘ ሰው አጠገባቸው እንደተቀመጠ ቆጥረው ይሠራሉ፤ ሰውዬው ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፣ በመካከል ፊደል የሚያመላልሰውም ዘበኛው ነው።

ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ይደራደራሉ። ቁጥሩ 255 የሆነ ባይት (አንድ ፊደል የሚያህል የመረጃ ቁራጭ) በመስመሩ ላይ ሲመጣ፣ የሚከተለው ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑን ያመለክታል፤ ከዚያም «አደርጋለሁ»፣ «አላደርግም»፣ «አድርግ»፣ «አታድርግ» እየተባባሉ ይስማማሉ። ከሚስማሙባቸው ነገሮች አንዱ የተጻፈውን ፊደል በስክሪኑ ላይ መልሶ የሚያሳየው ማን እንደሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ሰርቨሩ ነው፤ ኔትወርኩ ሲዘገይ የጻፍነው ፊደል ቆይቶ የሚታየን እዚያ ደርሶ ስለሚመለስ ነው። የይለፍ ቃል ስንጽፍ ደግሞ ሰርቨሩ ፊደሉን መመለስ ያቆማል። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሲያዩት ብዙ ሰዎች የይለፍ ቃላቸው የተሰወረ ይመስላቸዋል። የተሰወረው ግን አጠገባቸው ከቆመ ሰው ብቻ ነው፤ በመስመሩ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ሳይመሰጠር እንዳለ ያልፋል።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዕቃ ያቀረበልን ድርጅት ባለሙያ ከቢሮው ሆኖ ስዊቻችንን (ኮምፒውተሮቻችንን እርስ በርስ የሚያገናኘውን መሣሪያ) በቴልኔት ሲያስተካክል፣ ከአለቃዬ ፈቃድ አግኝቼ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ዋየርሻርክ በተባለ የኔትወርክ ልውውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም መዘገብኩት። የስዊቹ ዋና የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል ተነበበ። ለአቅራቢው ስንነግረው «ለዓመታት እንዲህ ስንሠራ ምንም አልደረሰም» የሚል መልስ ሰጠን። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ በመስመር ላይ የሚያደምጥ ሰው ዱካ አይተውምና፣ ምንም አለመድረሱን በምን አወቀ?

ቴልኔትን የሠሩትን ሰዎች መውቀስ አይገባም። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩ፤ ዛሬ የሚታወቅበት ደንብ የወጣውም በ1983 ነው። መተኪያው የመጣው በ1995 ሲሆን፣ ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት ከተጠለፉ በኋላ ኤስኤስኤች የተባለውን መግቢያ ሠራ። ይህም ቢሆን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሩ ፖርት 22 ነው፣ ማስመሰያ ተርሚናልም ይሰጣል። ልዩነቱ የተጠቃሚው ማንነት ከመጠየቁ በፊት ያለው ነው፦ ሰርቨሩ በራሱ ቁልፍ ማንነቱን ያረጋግጣል፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ በመስመሩ ላይ ሳይልኩት ያሰላሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው ሁሉ ይመሰጠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገባ የሰርቨሩ ቁልፍ አሻራ (ቁልፉን ለይቶ የሚያሳውቅ አጭር ምልክት) ቀርቦልን እንድናረጋግጥ ስንጠየቅ፣ ሳያነቡ «አዎ» ብለው የሚያልፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ጥያቄው የመጣው ግን ሌላ ሰው ሰርቨሩን መስሎ በመካከል እንዳይቆም ነው። ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ከ1999 ጀምሮ በነፃ ስለሚገኝ የገንዘብ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኤስኤስኤች የማይችል አሮጌ ዕቃ ካለም ቢያንስ ከኢንተርኔት እንዳይደረስበት መከለል ይቻላል።

ጉዳዩ ሰርቨር ያላቸውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በቴልኔት በር እየገባ፣ ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች ወረረ። የሚሞክራቸው የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች 60 ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን የድረ ገጾችን ስም ወደ ኢንተርኔት አድራሻቸው የሚተረጉመው ዳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከእነዚህ ዕቃዎች በተላከ የጥሪ ጎርፍ ሲጥለቀለቅ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት ተቋረጡ። በገላንና በአቃቂ ቃሊቲ በየመጋዘኑ አጥር ላይ የተሰቀሉትን ካሜራዎች ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ይታወሰኛል።

ስለዚህ የግዥ ክፍሎች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ፣ የሚቀርበው ዕቃ ቴልኔቱ የተዘጋ፣ ኤስኤስኤቹ የተከፈተና የፋብሪካው የይለፍ ቃል የተቀየረለት እንዲሆን በግልጽ ይጻፉ። ዕቃውን የሚረከበው ባለሙያም የርክክብ ሰነዱን ከመፈረሙ በፊት ከሌላ ኮምፒውተር ፖርት 23ን አንኳክቶ መልስ የሚሰጥ አለመኖሩን ያረጋግጥ። ፍተሻው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ