ተጠባባቂ ወንበር ላይ የቀረው ልጅ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣

ጋዜጣችሁ እኛ ጋ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም በርበሬ ተጠቅልሎበት። ቢሆንም አነበዋለሁ። የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ከ17 ዓመት በታች ውድድር በመጣ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል። ማን አገባ፣ ማን ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ፣ ሁሉንም ትጽፋላችሁ። የልጆቹ ዕድሜ የሚነሳው ግን የዕድሜ መመርመሪያው ማሽን አንዱን ሲጥል ብቻ ነው።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈውም ራሴ የተጫዋች ዕድሜ ቀንሼ ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለተማሪዎች ውድድር ከ15 ዓመት በታች ቡድን ይዤ ደብረ ብርሃን ልወርድ ነበር። አጥቂዬ ጢም ማብቀል ጀምሯል። እናቱን መቼ እንደወለደችው ጠየቅኳት። «የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነዋ፣ መምህር» አለችኝ። ዓመቱስ? «ውርጩ ባቄላውን የፈጀው ጊዜ።» እንግዲህ በመንዝ ውርጭ ባቄላ ያልፈጀበትን ዓመት ፈልጉ! ቅጹ ግን ቁጥር ይፈልጋል። እኔም የሚያስፈልገኝን ቁጥር ሞላሁበት።

ለምን? በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ልጅ ነበርኩ። አራተኛ ወጥተን አርጀንቲና ላይ ለሚደረገው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ ስናልፍ ሬዲዮኑ ላይ ተለጥፌ ነበር የማደምጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የመንዝ ልጅ ያንን ማሊያ ለብሶ ባይ ብዬ እመኛለሁ። ምኞት ደግሞ ሰው ያሳስታል።

ዋንጫውን በላን። ጣርማበር ላይ ጭጋጉ መኪናችንን አቁሞት እንኳ ልጆቹ ዘፈናቸውን አላቋረጡም። አንዱ ብቻ መስኮቱን ተደግፎ ተኝቷል። እሱ እውነተኛ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ግራ እግሩ ኳስ ሲነካ የኔ ጉልበት ይከዳኝ ነበር። ግን ቀጭን ነው፣ ትከሻ የለውም። ከነዚያ ጎረምሶች ጋር እንዴት አሰልፈዋለሁ? ሦስቱንም ጨዋታ የኔን ጋቢ ተከናንቦ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጨረሰው። በዓመቱ ልምምድ ቀረ። መንገድ ላይ በጎች ሲነዳ አግኝቼው ለምን ቀረህ አልኩት። «ኳስ ለትልልቆቹ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

አጥቂዬን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ቡድን ለታዳጊ ሙከራ ጠራው። ኤም አር አይ (የአጥንትን እድገት የሚያሳይ የማሽን ምስል) ተነስቶ ወደቀ። ፊፋ ይህን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ነው የጀመረው። የሚታየው የግራ እጅ አንጓ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ አንድ የእድገት መስመር አለ፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ይሰናበታል። ማሽኑ ግን የልደት ቀን አይናገርም። መስመሩ ዘግይቶ የሚዘጋለት የ18 ዓመት ልጅ ሊያልፍ ይችላል። አጥቂዬ ዛሬ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል። ባገኘኝ ቁጥር ግራ አንጓውን እያሳየ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የሴካፋው ከ17 ዓመት በታች ማጣሪያ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ተደርጎ ነበር። በሜዳችን ተደርጎ እንኳ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉት ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ናቸው። ሶማሊያ በታሪኳ የመጀመሪያዋ ነበር። ያኔ እዚህ ሻይ ቤት ውስጥ ስለ አሰልጣኙ ብዙ ተባለ። እኔ ግን ሐሳቤ ያ ጋቢ የተከናነበው ልጅ ጋ ነበር። በየወረዳው እንደሱ ስንት ልጅ አስቀምጠን ነው እዚያ የደረስነው?

አሁን ግን አንድ ዕድል አለ። የወሳኝ ኩነት፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገራችን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከዚያ ወዲህ ከተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ናቸው። የልደት ወረቀታቸውን አሁን ብንይዝላቸው ከ17 ዓመት በታች ሲደርሱ በውርጭና በባቄላ አንቆጥርም። ፌዴሬሽኑ ለታዳጊ ፕሮጀክት ልጅ ሲመዘግብ በዘጠኝና በአሥር ዓመቱ፣ ከነልደት ወረቀቱ ይመዝግብ። ጢሙ ሲወጣ መጥታችሁ ስንት ዓመትህ ነው አትበሉት። እናንተም በሚቀጥለው ውድድር የጎሉን ቁጥር ስትጽፉ ስንቶቹ ልጆች የልደት ወረቀት ይዘው እንደመጡ ጠይቃችሁ ጻፉልን።

እኔ ዘንድሮ 16 ሕፃናት ይዣለሁ። ባሕር ዛፍ ተክለን ጎል ሠርተናል፤ መስመሩን የምናሰምረው በአመድ ነው። የ13ቱ ወረቀት እጄ ላይ ነው። ሁለቱን ወላጆቻቸው እያስወጡላቸው ነው። የቀረው አንዱ አያቱ ዘንድ ነው የሚያድገው፤ እሳቸውም «የተወለደ ለት በረዶ ጥሎ ነበር» ብለውኛል። ሰኞ አብረን ቀበሌ እንሄዳለን።

አንድ የስፖርት መምህር
ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ