ከወለል ብዛት በፊት የመስመሩ አቅም ይታይ

ለመሀል አዲስ አበባ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲወጣ ቀድሞ የሚነሳው የወለል ብዛት ነው። ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ፎቁ ሲጨምር የመብራትና የፍሳሽ መስመሩ ግን አብሮ ካላደገ ኑሮው ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ 40 አባወራ እኩል ሲጋግር 140 ኪሎዋት ይሆናል። ይህን ባለ 100 ኪቪኤ (ቢበዛ 100 ኪሎዋት የሚሸከም) ትራንስፎርመር አይችለውም፤ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ይኮመጥጣል። ፍሳሹ ደግሞ ይብሳል፦ ከዋናው መስመር ያልተገናኘ ሕንጻ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ የመምጠጫ መኪና መግቢያ ካልተተወለትም ወደ ጎርፍ ቦይ ይለቀቃል።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድ ሰፈር ዝርዝር ፕላን) ከማጽደቁ በፊት የአባወራውን ብዛት፣ የትራንስፎርመሩን አቅምና የፍሳሽ ቱቦውን ስፋት በአንድ ገጽ አስጽፎ በየወረዳው ለ30 ቀን ያስለጥፍ። ለየሕንጻውም የራሱ መስመር ያለው የጋራ መጋገሪያ ክፍል ግዴታ ያድርግ።

አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ