ኮማሪት ብቻዋን ቀርታለች

አፍንጮ በር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልል አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ዓመት ከመንፈቅ ጠፍቶ እንደምን ሰነበትሽ አይባልም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ፣ አለቀ። ሁለቴ ደውለሽ አላነሳሁም፤ ሦስተኛ ያልደወልሽው ደግሞ ኮርተሽ ነው፣ አውቅሻለሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ሰውዬውም ያው ሰውዬው ነው፤ ስምሽ በተነሳ ቁጥር "ያቺ ጉደኛ" ማለቱን አልተወም። ሌላውን ስንገናኝ።

የጻፍኩልሽ በዶሮሽ በኮማሪት ጉዳይ ነው።

አትደንግጪ፣ አለች። ግን ብቻዋን ነች። "ሌሎቹስ?" ማለትሽ አይቀርም፤ ስልክሽን ሳላነሳ የከረምኩትም ይህችን ጥያቄ ፈርቼ ነው። ድምፅሽን ከሰማሁ እዋሻለሁ። ስለዚህ ልጻፈው።

ነጯን ሸለመጥማጥ በላት። በሄድሽ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ምንም አልሰማሁም። ጠዋት ስወጣ ከቧንቧው ሥር ላባ ብቻ። መሀል ከተማ ሸለመጥማጥ! ፒያሳ ሲፈርስ መጠለያ ያጣው ሁሉ ወደኛ ሳይሰደድ አልቀረም። በእሷ እንኳ ብዙም አላፍርም፤ በማግስቱ የቤታቸውን በር በቆርቆሮ አስመትቻለሁ።

ገብስማዋን ግን... ሚሚዬ፣ ገብስማዋን በላናት።

በቃ፣ ወጣልኝ። ያለፈው ፋሲካ ነው። አማቴ ከነሠራዊታቸው እንደሚመጡ የሰማሁት ጸሎተ ሐሙስ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ሄጄ የዶሮ ዋጋ ብጠይቅ ነጋዴው የበግ የነገረኝ መሰለኝ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ገብስማዋ ደግሞ እንቁላል መጣል ካቆመች ቆይታ ነበር። ቢላዋውን የያዘው ሰውዬው ነው፤ ሽንኩርቱን ያቁላላሁት ግን እኔ ነኝ። ብልቷን ላወጣ ሆዷን ስከፍተው ምን አገኘሁ መሰለሽ? እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ አስኳሎች፤ ከሽምብራ የምታንስ፣ ከዚያ ተለቅ ያለች፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ የደረሰች፣ ሁሉም ቢጫ። አቁማለች ያልኳት ልትጀምር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ፈረሰኛውን ለባሌ ታላቅ ወንድም አቀረብኩ፤ እኔ ጾሜን በአይብ ፈታሁ። "አመመሽ እንዴ?" ሲሉኝ ጨጓራዬን ነው አልኩ።

እቴቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አደራ በላ ሲሉ ሰውን ነበር። እኔ ግን በ12 ብልት አወራርጄ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ አቀረብኩት።

አንቺም ብትሆኚ ግን ለአንድ ወር ነው ብለሽ አልነበር የተውሻቸው? መጋቢት 2016 ነው፤ ሰፈርሽ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ያ ሁሉ ዕቃ አይሱዙ ላይ ሲጫን ሦስቱን በዘንቢል ይዤ ቆሜ ነበር። "ከዶሮ ማነቂያ በሕይወት የወጡ ዶሮዎች እነዚህ ብቻ ናቸው" ብለሽ አሳቅሽኝ። አንቺ ግን እያለቀስሽ ነበር። እሺ፣ አልወቅስሽም።

ከፋሲካ ወዲህ ኮማሪት ሌላ ዶሮ ሆናለች። ያቺ ጎህ ሲቀድ ግቢ የምታተራምሰው፣ እንቁላል በጣለች ቁጥር ሰፈር እስኪሰማ የምታስካካው ጠፋች። ጥሬ ስበትንላት ሁለቴ ለቀም ታደርግና ቀና ብላ ግራ ቀኟን ታያለች። የሚሻማት የለማ። ልብስ ሳጥብ እግሬ ላይ ትወጣለች። ማታ ቆጧን ትታ የማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ ነው የምታድረው፤ የሰው ድምፅ የሚሰማው እዚያ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ላዳው ነው። ጎረቤታችን አሁንም ላዳውን ግቢ ያሳድራል፤ የጎማውን ክዳን እንደ መስታወት ነው የሚወለውለው። ኮማሪት ክዳኑ ፊት ትቆምና አንገቷን ታዘነብላለች። ውስጥ ያለችውም ታዘነብላለች። ከዚያ ከጉሮሮዋ ያንን ቀስ ያለ ድምፅ ታወጣለች፤ ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ሊተኙ ሲሉ የሚያሰሙትን። እግሯን አጥፋ እዚያው ጎማው ሥር ትቀመጣለች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሩ ሲነሳ እስከ በሩ ድረስ ትከተለዋለች። ጎረቤታችንም "ዛሬ የት ላድርስሽ፣ እመቤት?" ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን እየሳቅን እናይ ነበር። አሁን ላዳውን ሊሸጠው ነው። ገዢው መጥቶ አይቶታል፣ ቀብድም ሰጥቷል።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ነሐሴ ላይ አንዲት ቀይ ቄብ ገዝቼ እንደ ሙሽራ ግቢው መሀል ለቀቅኳት። ሚሚዬ፣ ያቺ አንገቷን የደፋችው ኮማሪት ናት? ተንደርድራ ሄዳ ኩክኔዋን ነከሰቻት። ደም ሲታያት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ቄቧ ባልዲ ጀርባ ተደብቃ ሁለት ቀን እህል ውሃ አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ለታች ቤቶቹ ሰጠኋቸው።

የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ልጅ ዘንድ ሄጄ ስነግረው ሳቀብኝ። "እማማ፣ አንዷን ብቻዋን ካመጧት ዱላው ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሁለት ሲሆኑ ይካፈሉታል" አለኝ። እማማ! (ይህንንም ለብቻው አልቅሼበታለሁ።) ከገበያ የመጣ ዶሮ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ራቅ አድርጎ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው አለ። ከዚያ በሽቦ ከልሎ ጎን ለጎን ማኖር፤ ይተያያሉ፣ አይነካኩም። ሲለማመዱ ማታ ከጨለመ ቆጡ ላይ አጠገቧ ማስቀመጥ፤ በጨለማ ብዙም ስለማታይ አትነሳባቸውም። ጠዋት መጎነታተላቸው አይቀርም፤ ማን ቀድሞ እንደሚበላ ሳይለዩ አያርፉም። ደም እስካልወጣ ግን መሀላቸው አትግቢ፣ መብያና መጠጫውን ብቻ ሁለት ቦታ አድርጊ አለኝ። ለካ እኔ ሁሉንም በተቃራኒው ነው ያደረግኩት፤ አንድ፣ በቀን፣ ያውም በጠላት ሜዳ።

ያን የምንዘልበት የነበረ ሽቦ አልጋ ታስታውሺው የለ? ፍራሹ አልቆ ሽቦው ብቻ ነበር የቀረው። ግቢው ጥግ አቁሜ መከለያ አድርጌዋለሁ። ቤቱ ተዘጋጅቷል፤ የቀሩት ሙሽሮቹ ናቸው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ቢሾፍቱ ተቀምጠሽ ዶሮ ቸገረኝ አትዪኝም፤ ክትባቱ ራሱ የሚመረተው እዚያው አፍንጫሽ ሥር ነው። ሁለት ቄብ ፈልጊልኝ። የፈንግል ክትባት የወሰዱ፣ አንድ ቤት ያደጉና የሚተዋወቁ ይሁኑ። አራት አምስት ወር የሞላቸው፤ ጫጩት ከሆኑ ትጨርሳቸዋለች። ሳሶ የሚባሉት የፈረንጅ ዝርያዎችም ቢሆኑ ግድ የለኝም፣ ብቻ አሁን ከእሷ የማይገዝፉ። አውራ እንዳትልኪብኝ፤ አንድ የሚጮህብኝ በቂ ነው። ቀለማቸውን እንደወደድሽ። ገብስማ ብቻ አይሁኑ። ገብስማ ካመጣሽ ዓይኗን ማየት አልችልም።

እግራቸውን አስረው ቁልቁል እንዳያንጠለጥሏቸው። ካርቶን በሳስተሽ ለሚኒባስ ረዳት ከሰጠሽው ቃሊቲ መጥቼ እቀበለዋለሁ። ወይም ደግሞ... እንደው ሥራ ካልበዛብሽ... ራስሽ ብታመጫቸውስ? ፒያሳን ሁለተኛ አላይም ማለትሽን አልረሳሁም። በፒያሳ አናልፍም፤ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ አድርጌ ነው የማመጣሽ። በመስኮት በኩል እኔ እቀመጣለሁ።

ኮማሪት ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ እንቁላል ጣለች፣ ላዳው ሥር። ቀኑን በእርሳስ ጽፌበት ላንቺ አስቀምጬዋለሁ። ሰውዬው ሁለቴ ገልጦ አይቶታልና ቶሎ ነይ።

ያቺው አደራ በላ