ለጎረቤታችን ቅሬ (እድር)፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የቀረበ የምስጋና መልእክት

ትንሿ ኮሌጃችን የምትገኘው ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ በኩል ተገንጥሎ በሚወጣ ተራራ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኛት አንድ የጠጠር መንገድ ብቻ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ የጣለው ዝናብ ያንን መንገድ ይዞት ወደ ገደል በወረደ ጊዜ፣ የማጠቃለያ ፈተና ለመፈተን በዶርም የቆየን ተማሪዎች፣ የካፌ ሠራተኞችና ጥበቃዎች በግቢው ውስጥ ታግተን ቀረን። የመብራት ምሰሶውም አብሮ ስለወደቀ ውኃ የሚስበው ፓምፕ ቆመ። አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ ፈተናችንንም ጨርሰን ወደየቤታችን ልንሄድ ነው። ከመለያየታችን በፊት የተማሪዎች ኅብረት በሁላችን ስም ይህን ምስጋና ያቀርባል።

በደሴ ዙሪያ ላደገ ሰው የመሬት መንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም። ከተማዋ ራሷ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት፤ ቁልቁለቱን የሸፈነው ልል አፈር የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ከሥሩ ካለው ዐለት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የመንገዱ ዳር ቦይ መደፈኑን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አመልክተን እንደነበር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ይሁንና ይህ የምስጋና ደብዳቤ ስለሆነ አቤቱታውን ለሌላ ቀን እናቆየዋለን።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው ከግቢያችን በላይ ያለውን የገበሬዎች መንደር ቅሬ ነው። መንገዱ በተዘጋ ማግስት፣ በእኩለ ሌሊት፣ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት እህታችን በሆድ ሕመም ተይዛ መቆም አቃታት። የግቢው ነርስ ትርፍ አንጀት መሆኑን ጠረጠረች፤ ከፈነዳም ሕይወቷን አደጋ ላይ እንደሚጥል ስለምታውቅ እስኪነጋ መጠበቅ አልፈለገችም። ከጥበቃዎቹ አንዱ ዳገቱን በጨለማ ወጥተው የቅሬውን ዳኛ ቀሰቀሱ። የቅሬ አባል ቤት ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ማድረስ እንደ ቀብር ሁሉ የአባላቱ ግዴታ ነው። እኛ ግን አባል አልነበርንም፤ መዋጮ ከፍለንም አናውቅም። የቅሬው ዳኛ ግን «ግቢው እንደ አንድ ቤት ይቆጠር» ብለው ጡሩንባ አስነፉ። ጋቢያቸውን እንደደረቡ የወጡት አባቶችና ወንድሞች፣ የተናደውን ቦታ ለመሸሽ በጋራው አናት ዞረው፣ በጭቃው ውስጥ እየተቀባበሉ አስፋልቱ ላይ ይጠብቅ ወደነበረው አምቡላንስ አደረሷት። እህታችን ደሴ በገባች ጠዋት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ድናለች። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀች አንጠቅሰውም እንጂ ምስጋናው በዋናነት የእሷና የወላጆቿ ነው።

የዚያው መንደር እናቶች ደግሞ የምንጫቸውን ውኃ አካፍለውናል። በምንጩ ወረፋ መካከል የኮሌጅ ተማሪ ጀሪካን ይዞ ሲቆም የሚያጉረመርም አለመኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር።

ለደሴ ነዋሪዎች፣ በተለይም በሆጤ፣ በሸዋ በርና በቧንቧ ውኃ ላላችሁ እናቶች፦ የላካችሁት ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ በአህያ ተጭኖ በጋራው ዞሮ ደርሶናል። ወቅቱ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው የፍልሰታ ጾም ስለነበር የጾም ምግብ ለብቻው ተቋጥሮ መጥቷል። «ይህ የጾም ነው፤ ቅቤ አልነካውም» የሚል ወረቀት ያሰሩበትን የሽሮ ቋጠሮ የላኩት እናት ሙስሊም መሆናቸውን የሰማነው ዘግይተን ነው። ወሎ ውስጥ ይህ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም የሚል ይኖራል፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ የዶርም ጓደኞቻችን ግን ወረቀቱን እስካሁን በላይብረሪው ሰሌዳ ላይ ለጥፈውት ይገኛል።

ከኮምቦልቻ ዱቄት የላኩልን ነጋዴና ጭነቱን በሐረጎ ዳገት ጉም ውስጥ ሽቅብ የነዱት ሾፌር ስማቸው እንዲነገር አልፈቀዱም። በእርሳቸው ዱቄት ዳቦ የጋገሩልን የካፌ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ቤት ትተው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ጠዋት ጠዋት ከዳቦው ጋር ሻይ ጎድሎብን አያውቅም፤ ስኳሩ ሲያልቅም «አብሽሩ» እያሉ በዝንጅብል አጣፍጠው ሰጥተውናል። በካፌው ወጥ ላይ ዓመቱን ሙሉ ስንቀልድ የከረምን ሰዎች ብንሆንም ይህን በጽሑፍ ማኖር ይገባናል።

ናዳውን በዶዘር የጠረጉት ኦፕሬተር፣ አፈሩ ከላይ ገና እየወረደ ሥራቸውን ስላላቋረጡ፣ እንዲሁም ምሰሶውን መልሰው ያቆሙ የመብራት ሠራተኞች ምስጋናችን ይድረሳቸው።

በመጨረሻም ሁለት ነገሮችን እናሳውቃለን። ኅብረቱ ባደረገው ስብሰባ ኮሌጁ የቅሬው አባል እንዲሆን ተስማምተናል፤ የቅሬው ዳኛም ተቀብለውናል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ መዋጮው ከተማሪዎች ይሰበሰባል፤ ጡሩንባ ሲነፋም ከየብሎኩ ተወካዮች ይወጣሉ። ምግብ የመጣባቸው መሶቦች፣ ሰፌዶችና ጀሪካኖች ታጥበው በጥበቃ ቤት ተቀምጠዋል። አብዛኞቹን በምልክታቸው ለይተን መልሰናል፤ ባለቤታቸው ያልታወቁት ግን ገና ስላሉ፣ የእኔ ነው የምትሉ በማንኛውም የሥራ ቀን መጥታችሁ እንድትወስዱ በትሕትና እንጠይቃለን።

የኮሌጁ ተማሪዎች ኅብረት
ደሴ